አያ አወቀ ምን ነበር ያሉት?

ትርንጎ ፊልም ታስተምራለች። ፊልም ሠርታ ግን አታውቅም። የመጀመሪያውን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛውን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረች።

ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የፊልም ታሪክ ነው። ከታሪኩም የምትወደው መጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ፊልም ገና አፉን ያልፈታበትን ዘመን። ክፍል ገብታ የምትለው ሁሌ ያው ነው።

«ሰው ሲሮጥ አሳዩ፤ አክሽን ተወለደ። ጥላ ግድግዳ ላይ ሲያድግ አሳዩ፤ ማስፈሪያው ተወለደ። የሴት ፊት አቅርበው እንባዋን አሳዩ፤ ዛሬ እናቶቻችሁ ቴሌቪዥን ላይ የሚያለቅሱበት ሁሉ ተወለደ። ሰውዬው አንሸራቶት ወደቀ፤ ኮሜዲ። ይሄ ሁሉ አንዲት ቃል ሳትሰማ ነው። ድምፅ ሲመጣ ምን ጨመረ? ወሬ!»

ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። ፈተና ላይ «ወሬ» ብለው ይመልሳሉ። ሙሉ ማርክ ትሰጣቸዋለች።

ቤትም ያው ናት። ሰው ድራማ ሲያይ አጠገቡ ከተቀመጠች ታስረዳለች። ስለዚህ ድራማ የሚያይ ሰው እሷ ስትመጣ ይነሳል።

ታናሽ ወንድሟ ማሩ ሊያገባ ሆነ። ሙሽሪት ሶሊያና የጎንደሩ ቁስቋም ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ አቶ ወልደኢየሱስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ እናቷ ወይዘሮ ሸዋረጋ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች አለቃ ናቸው። የትርንጎና የማሩ ወገን ደግሞ ከላይ ነው፣ ከወገራ፣ ከዳባት ዳር። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጓቸው አጎታቸው አያ አወቀ ናቸው። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። አርሰው አስተማሯቸው። ሁለቱም ተምረው ጎንደር ቀሩ።

የቪዲዮ ነገር ሲነሳ አያ አወቀ ጉዳዩን በአንድ ጊዜ ዘጉት።

«ምነው፣ የፊልም አስተማሪ እያለችን ካሜራ ያዥ ልንቀጥር ነው? አማቾቻችን ምን ይሉናል?»

ትርንጎ እዚህ ጋ «አልችልም» ብትል አበቃ ነበር። አልወጣትም። አገጯን ያዘችና «ብርሃኑን ቀድሜ ማየት አለብኝ» አለች።

ካሜራውን ያዋሳት አቢ ነው፤ አራዳ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ያለው፣ ግማሽ ጎንደርን የዳረ። ከካሜራው ጋር ጥፍር የምታክል ማይክ ሰጣት።

«ይቺን የሚናገረው ሰው ላይ ሰኪያት። ድምፁ ቀጥታ ካሜራው ውስጥ ይገባል። የሌላ ሰው አትወስድም፣ የሰካሽበትን ብቻ ነው። ተናግሮ ሲጨርስ ነቅለሽ ለሌላው። ደግሞ ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ አድርጊ፣ እሺ?»

«አቢ፣ እኔን ነው የምታስተምረው?»

«ይቅርታ ዶክተር።»

ዶክተር አይደለችም። አላረመችውም።

የሠርጉ ለት ሙሽሪት ቤት ማይኳን አያ አወቀ ላይ ሰካቻት፤ የቀኑ ትልቁ ንግግር የእሳቸው ምርቃት ነውና። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርጋ ኮታቸው ላይ ቆነጠጠቻት።

«ምንድን ናት ይቺ፣ መዥገር?»

«ድምፅ መያዣ ናት አያ።»

«አትነክስም?»

«አትነክስም።»

በኋላ ነከሰች።

አያ አወቀ መረቁ። ሸጋ አድርገው መረቁ። ጨርሰው ከአማቾቹ መሃል ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ፣ እጃቸው መሶብ ገባ። አሁን ማይኳ ተነቅላ ወደ ማሩ መሄድ ነበረባት። ግን እንዴት? በአማት ፊት፣ እየበሉ ያሉ ሽማግሌ ጋቢ ገልጦ ደረት መዳበስ? ቁስቋም ለልጅ ልጁ ያወራዋል። ትርንጎ አንዴ ጠጋ ብላ ሞከረች። አያ አወቀ የራባት መስሏቸው ጉርሻ ጠቅልለው አፏ ውስጥ ከተቱ። አፏ እንደሞላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሌላ አልሞከረችም።

ማዳመጫውንም አላደረገችም። ሹሩባ ተሠርታለች፤ ጠዋቱን ሙሉ ተጎልታ። ማዳመጫ ይጫነዋል።

ከሠርጉ በኋላ ቤቷ ገብታ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ማሩ ይጨፍራል። ድምፁ ግን የሰው ማኘክ ነው። ሶሊያና የእናቷን ጉልበት ትስማለች። ድምፁ ግሳት ነው። ቀጥሎ የአያ አወቀ ፊት መጣ፤ የመስኮቱ ብርሃን ስላማረባቸው ትርንጎ ረጅም ጊዜ ቆማ የቀረፀችው። አጠገባቸው የተቀመጠው ከወገራ አብሯቸው የወረደው ጎረቤታቸው አላምረው ነው። አያ አወቀ ያወራሉ። ድምፁ እንደ ደወል ጥርት ብሏል።

«አላምረው፣ ዶሮ ወጡን ቀምሰኸዋል? የበሽተኛ ነው። በርበሬው ገና መንገድ ላይ ነው።»

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል» የሚል የአላምረው ድምፅ ደብዘዝ ብሎ ተሰማ።

«ሴትዮዋስ ብትሆን! የጓዳ ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠጁን እንደ መድኃኒት በጠብታ ታድላለች። ሰውዬውስ ሲናገር ሰማኸው? በመጀመሪያ ደረጃ፣ በሁለተኛ ደረጃ... ሠርግ ነው ወይስ ስብሰባ?»

ትርንጎ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወች። አያ አወቀ ማኘካቸውን ተዉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ።

«ማሩን ወሰዱብኝ አላምረው። እንግዲህ ማን ይቀብረኛል?»

ኮምፒዩተሩን ዘጋችው።

ቅልቅሉ ደርሷል። ሁለቱ ወገኖች አያ አወቀ ቤት ተሰብስበው ቪዲዮውን ሊያዩ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባለሙያዋ ወይዘሮ ሸዋረጋ ዶሮ ወጣቸው የበሽተኛ መባሉን ከሰሙ፣ ሶሊያና ከእናቷና ከባሏ ወገን መሃል ትቆማለች። ትዳሩ ገና ወር አልሞላውም። አያ አወቀም በስተርጅና አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ያውም የመጨረሻዋ ቃል በአማት ፊት ከተሰማች።

አቢ ዘንድ ሮጠች። አዳመጠ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ምን አለበት፣ ዘፈን ደርቢበትና ተገላገይ። ሁላችንም እንደዛ ነው የምናደርገው።»

ችግሩ ትርንጎ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ዘፈን መደረብን በየሴሚስተሩ ስትረግም ኖራለች። «የምስል ቀብር» ብላ ስም አውጥታለታለች።

«ድምፅ አልባ አደርገዋለሁ» አለች።

«ምን?»

«ሙሉ በሙሉ። ጥቁርና ነጭ። መሃል መሃሉ ላይ ጽሑፍ።»

«ትርንጎ፣ የሰው ሠርግ እኮ ነው።»

«ሠርጉ ይጠቀማል።»

ተቀምጣ ሠራች። ለእርድ የመጣ በግ አምልጦ ሚዜዎቹ ያባረሩትን አፍጥና አክሽን አደረገችው። የሙሽሪት ጓደኞች በር ዘግተው ሙሽራውን አናስገባም ያሉትን የጦር ሜዳ አደረገችው። ወይዘሮ ሸዋረጋ ከጓዳ ሲወጡ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ አዘግይታ፣ አጨልማ ማስፈሪያ አደረገችው። አማት መሆናቸው ትዝ አላላትም። የሶሊያናን እንባ አቅርባ ድራማ አደረገችው። ምርቃቱ እንኳ ደህና ተቀድቶ ነበር፤ እሱንም ድምፁን አጠፋችው። ጥበብ ግማሽ አይሆንም ብላ።

የአያ አወቀ ረጅሙ ፊት ቀረ። ልብ ያለው ሰው ቆርጦ ይጥለው ነበር። ትርንጎ ግን ያን ብርሃን፣ ያን ዓይን፣ ያን ግንባር ደጋግማ አየችና አልጨከነችም። ከሠርጉ ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ሳትቆርጥ፣ ሳታሳጥር አስገባችው። ከፊቱ ጽሑፍ ለጠፈችበት፤ «ልጆቼ፣ ቤታችሁ የሰላም ይሁን።» ድምፅ ከሌለ ማን ያውቃል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ዘንግታው እንጂ ያ አፍ ዝም አላለም። ያለ ድምፅ ያወራል።

ቅልቅሉ ለት አማቾቹ በሚኒባስ ወጡ። ተበላ፣ ተጠጣ። ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረ፣ ትርንጎ ከትምህርት ክፍሉ የተዋሰችው ፕሮጀክተር በራ። እሷም ተነስታ ስለ ድምፅ አልባ ፊልም ንግግር ጀመረች። የዛሬው ፊልም ሁሉ እናቱ ማን እንደሆነች፣ አክሽኑ ከየት፣ ማስፈሪያው ከየት...

«ሸጋ ነው ልጄ» አሏት አያ አወቀ። «አሁን ክፈችው።»

ከፈተችው። ሰው አንሶላው ላይ አፈጠጠ።

«ድምፁስ?» አለ አላምረው።

«የለውም።»

«ተበላሽቶ?»

«አልተበላሸም። እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው።»

«ማን አበላሸው ታዲያ?»

በጉ ሮጠ። ትርንጎ ሰው ትንፋሹን ይውጣል ብላ ጠበቀች። ሰው በጉ የማን እንደነበር ክርክር ገባ። ከዚያ አንደኛ ሚዜው ምናለ ጭቃ ላይ ተዘርሮ ታየ፣ አፉ ተከፍቷል።

«እዚህ ጋ ምን አልክ?» አሉት።

«እናቴን! ነው ያልኩት» አለ ምናለ።

«እንደዛ አላልክም፣ እናትህ ስላለች ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ከዚህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ አፉ የታየ ሰው ሁሉ ያኔ ያለውን መናገር ግዴታው ሆነ። በሩ ላይ ሲታገሉ የነበሩት ሁሉ ቆመው እየተጯጯሁ ተሰዳደቡ። የጦር ሜዳው የገበያ ግርግር ሆነ። ግድግዳው ላይ ያ ጥላ እየተንቀራፈፈ ወጣ።

«ማናት ይቺ ግንድ የምታክል?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ።

«አንቺ ነሽ» አሉ አቶ ወልደኢየሱስ።

ማስፈሪያውም አለቀ። የሶሊያና እንባ በትልቁ መጣ። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ፤ ትርንጎ ልቧ ትንሽ መለስ አለ።

«ያለቀስኩት ጫማው ጠቦኝ ነው» አለች ሶሊያና። «'እማዬ አውልቂልኝ' እያልኩ ነው።»

አቶ ወልደኢየሱስ ከጽሑፎቹ አንዱንም ሳያሳልፉ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እንደ ማስታወቂያ። የራሳቸው ንግግር ሲመጣ ከወንበራቸው ተነስተው እንደገና ሙሉውን አደረጉት።

ትርንጎ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ያኔ ትዝ አላት። ኮምፒዩተሩ በክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ነው፤ በመሃል የተቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ተነሳች።

«ባትሪው ሳያልቅ ትንሽ ላሳርፈው...»

«ሶኬት ላይ ነው እኮ» አለ ማሩ። «ቁጭ በይ፣ ጋረድሽን።»

የአያ አወቀ ፊት ግድግዳውን ሞላው።

«'ልጆቼ፣ ቤታችሁ የሰላም ይሁን'» አሉ አቶ ወልደኢየሱስ። «በጣም ጥሩ።»

አፉ ቀጠለ። ቀጠለ። ጽሑፉ ካለቀ ቆይቷል፣ አፉ አላለቀም።

«ምርቃቱ ይሄን ያህል ይረዝማል እንዴ?» አለ ምናለ።

«እኔ ደግሞ እያኘከ የሚመርቅ አይቼ አላውቅም» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ።

አላምረው ጠላ ትን አለው። «ኧረ ምርቃት አይደለም!» ብሎ ካመለጠው በኋላ አፉን በእጁ ያዘ።

«ታዲያ ምንድን ነው? ይናገሩ እንጂ አያ አወቀ። ሁላችንም ተናግረናል» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ።

«ስለ... አየሩ ነበር» አለች ትርንጎ። «ሙቀቱ ከብዷቸው፣ ስለ ጎንደር ሙቀት ነበር የሚያወሩት።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ዞረው አዩዋት። «አንቺ በምን ሰማሽ?»

«ካሜራው ላይ...»

«ፊልሙ ድምፅ የለውም አላልሽም?»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ፊልሙን ሆነች።

«ተዪው ልጄ» አሉ አያ አወቀ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አፉ የኔ ነው። ዶሮ ወጡ የበሽተኛ ነው፣ ነው ያልኩት።»

ትርንጎ ድምፅ አልባ ነገር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባት። ያስተማረችው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጫጫታ ነው። ሶሊያና ማሩን አየች፣ ማሩ መሬቱን።

«ሌላስ?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ።

«ጠጁን እንደ መድኃኒት በጠብታ ያድላሉ ብያለሁ።»

«ሌላስ?»

«ባለቤትዎ ሲናገሩ ስብሰባ ይመስላል ብያለሁ።»

«እሱስ እውነት ነው።»

«እንዴት?» አቶ ወልደኢየሱስ ብድግ አሉ። «በመጀመሪያ ደረጃ...»

ከዚያ ወዲያ አልተሰሙም። ሳቁ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ሊያወርደው ደረሰ። አቶ ወልደኢየሱስ ተቆጥተው ወደ ደጅ ወጡ። የወገራ ንፋስ ግን የተቆጣ ሰው አያስተናግድም፤ ወዲያው እጃቸውን እያሻሹ ተመለሱና ከቦታቸው ተቀመጡ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ አልሳቁም። «ዶሮ ወጡን እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉ። «እንግዳ አለ ብዬ በርበሬውን የቀነስኩት እኔ ነኝ። ከእናንተ ሽማግሌ ይመጣል፣ ሆድ ያቃጥላል ብዬ።»

አያ አወቀ ተነሱ። ቤቱ ምን ሊያደርጉ ነው ብሎ ጠበቀ። የጠላውን ማንቆርቆሪያ ከአሳላፊዋ እጅ ተቀበሉና ራሳቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ፊት ቆመው ጎንበስ ብለው ቀዱላቸው።

«አጥፍቻለሁ እመቤቴ። ለሆዴ እንዳሰቡልኝ አላወቅሁም።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ብርጭቆውን አዩት። ወሰዱት።

«እኔስ ብሆን ጓዳ ውስጥ ምን ስል ነበር? ካሜራ ስላልገባ እንጂ!»

«ምን አሉ?»

«'እነዚህ ከላይ የወረዱት አበላላቸው አያምርም፣ ቁልፉን አምጡልኝ' ነዋ!»

አሁን አያ አወቀም ሳቁ። አላምረው ጠላው እንደገና ትን አለው።

«ለፋሲለደስ ንግሥ ይምጡ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ሳቁ ሲረግብ። «እንደገና እሠራለሁ። በርበሬውን ግን ከዚህ ይዘው ይውረዱ፣ በኋላ ሰበብ እንዳይኖር።»

ግድግዳው ላይ የአያ አወቀ ፊት አሁንም አለ። ማኘኩን ትቷል። ዓይኑ ወረደ። አፉ ለአጭር ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«ይቺስ አያ?» አለች ሶሊያና። «የመጨረሻዋ? ምን አሉ?»

አያ አወቀ የራሳቸውን ፊት አዩ። አላምረው ጫማውን አየ።

«እሷ ጸሎት ናት» አሉ።

ማንም ጸሎት ላይ አይከራከርም። ፊልሙ አለቀ።

ብርድ ልብሶቹ ሲወርዱ ሰው ትርንጎን አመሰገናት። «ሸጋ አስቂኝ ነው» አሏት። አስቂኙ በጉ ላይ ብቻ እንዲሆን ነበር ያሰበችው፤ ይህን ለማስረዳት ጀምራ ሰሚ አጣች። ሶሊያና ጉንጯን ሳመቻትና «ዘፈን ያለበትም ታወጪልናለሽ አይደል?» አለቻት።

ማሩ በሩ ላይ ያዛት።

«አያ መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያሉት?»

«ጸሎት ነው ብለዋል።»

«ትርንጎ።»

ብዙ ማለት ትችል ነበር። ፊት በቅርብ ሲታይ ቃል አያስፈልገውም፣ ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል የሚል ሙሉ ሌክቸር አላት። ድምፁም ኮምፒዩተሯ ውስጥ አለ፤ አንድ ቁልፍ ተጭና ልታሰማው ትችላለች።

«ስላንተ ነው የተናገሩት» አለችው። «እኔም አለሁበት። ሂድና ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

አያ አወቀ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ማሩ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ትርንጎ ከበሩ ላይ ሆና አየቻቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ንፋሱ ቃሉን ወደ ሌላ ሸለቆ ይወስደዋል። ማሩ አንገቱን ደፋ። አያ አወቀ ትከሻውን መቱት። ድራማ ይሁን ኮሜዲ አልለየችም። እንጀራዋ ነው፤ አልለየችም።

ቆማ ስታይ ቆየች። ማየት የለመደችው ነው። ከዚያ ራሷን ታዘበችና ሄደች።

ስትደርስ ማሩ ፊቱን አዞረ። የማሩ ዓይን ቀልቷል።

«ገብሱ መቼ እንደሚዘራ እየነገርኩት ነው» አሉ አያ አወቀ። «እመጣለሁ ይላል። ሶሊያናንም ይዞ።»

«ማረስ ይችላል እንዴ?»

«በሬ መጥመድ ረስቷል። እኔ አጠገቡ ሆኜ እሰድበዋለሁ፣ ይታወሰዋል።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺስ?»

ፈተና አለብኝ፣ የሚታረም ወረቀት አለ፣ ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ እንደምታውቁት... ሁሉም ምላሷ ላይ ተሰልፎ ነበር።

«እመጣለሁ» አለች።

«መጥተሽ ምን ትሠሪልናለሽ?»

«አላውቅም።»

አያ አወቀ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቁላት።

«ሸጋ» አሉ። «ከተማ ከገባሽ ወዲህ አላውቅም ስትይ ዛሬ ገና ሰማሁ። ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ስለ ገብሱ ማውራታቸውን ቀጠሉ፤ እሷም ሳታቋርጥ ሰማች፣ እስከ ገብሱ መጨረሻ ድረስ ባይሆንም።